ጋፋት ቆመ፣ ጋራዡ ቀጠለ

ከወረታ ተነስቶ የዓለም በርን አቀበት ወጥቶ ደብረ ታቦር የሚገባ፣ ከዚያም በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል ነፋስ መውጫ የሚዘልቅ መኪና በአንድ ጉዞ ቆላውንም ደጋውንም ይቀምሳል። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ይደርሳል፤ በጉና ተራራ ግርጌ የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ከ3,000 በላይ ይወጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በመልሱ ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል። በክረምት የፎገራ ዋልካ ታምቡር ውስጥ እየገባ የፍሬን ሸራ ይበላል፤ በበጋ የጠጠር መንገድ አቧራ የአየር ፊልትሮ ይደፍናል። ይህን ሁሉ ችለው ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመት የሠሩ ላንድክሩዘሮች ዛሬም በደቡብ ጎንደር ደጋ ይታያሉ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ብዙ ሰው የጃፓንን ብረት ጥንካሬ ይጠቅሳል። ብረቱ ጠንካራ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ጠንካራ ብረት ብቻውን በዚህ አገር እንደማይበቃ የሚመሰክር ታሪክ ከዚያው ከደብረ ታቦር አጠገብ አለ፤ ጋፋት ይባላል።

አፄ ቴዎድሮስ ባዜል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡትን ዋልድማየርንና ዛልሙለርን የመሳሰሉ የእጅ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ብረት አቅላጩን ሞሪትዝ ሆልንና ፈረንሳዊውን ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎን ጋፋት ላይ ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በመድፉ ማቅለጥ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጋፋት ከመድፍ ሌላ መድፉን የሚሸከም ባለ ጎማ ሰረገላም ሠርቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ደብረ ታቦርን ለቀው ሲወጡ ያ ሁሉ ሸክም በጋይንትና በደብረ ዘቢጥ በኩል፣ የጂጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሠራዊቱ መንገድ እየቆረጠና ድንጋይ እየፈነቀለ፣ በጠፍር እየጎተተ ሄዷል፤ ቴዎድሮስም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። በኋላ ያንን መንገድ ያዩት የእንግሊዝ መኮንኖች ተደንቀውበታል። ባለሙያዎቹ ከሰረገላው ጋር አብረው ተጉዘዋል። እንዲህ ባለ ገደል ላይ ጎማ እንደሚሰበርና እንጨት እንደሚሰነጠቅ ማሰብ አያስቸግርም፤ ጠጋኙ ከተሽከርካሪው ጎን ባይኖር ኖሮ ሴባስቶፖል ጋይንት ላይ በቀረ ነበር። መቅደላ ደርሶ ዛሬም እዚያው ነው።

ታዲያ ጋፋት ለምን አልቀጠለም? የተለመደው መልስ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ጦርነት ነው፤ ቴዎድሮስ ሞቱ፣ አውሮፓውያኑም ከእንግሊዙ አዛዥ ከናፒየር ጦር ጋር ወጡ። ይህ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው። ወናፍ የነፉት፣ ሸክላውን ያቦኩት፣ ሰረገላውን የገፉት የአገሬው ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ከናፒየር ጋር አልሄዱም። እጃቸው ያወቀው ሥራ የጠፋው በእኔ ግምት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በበጌምድር የዕለት ኑሮ ውስጥ ጎማ አልነበረም። ጭነቱን የሚሸከመው በቅሎና አህያ፣ እርሻውን የሚያርሰው በሬ ነው፤ ለአንድ ንጉሥ አንድ ዓላማ የተሠራ ሰረገላ ንጉሡ ሲያልፍ የሚጠገንበት ምክንያት አብሮ ያልፋል። ሁለተኛው የሚያሳዝነው ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ርስት የሌለው፣ ቡዳ እየተባለ የሚፈራና የሚሸሽ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቤተ እስራኤል ወይም ሙስሊም ነበር። ማረሻውን ከእሱ እጅ የሚቀበል ገበሬ ልጁን ለሙያው አይሰጠውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። እንዲህ በተናቀ እጅ ላይ የወደቀ ጥበብ የሚያልፈው ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ነው፤ አይሰፋም።

የሞተር መኪና የመጣው በሌላ በር ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ጎንደር ገባ፤ ደብረ ታቦርም በዚያው ዓመት ተያዘች። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ መንገድ ቆረጠ፣ የጦር ሰፈርና ወርክሾፕ አቋቋመ፤ በ1933 ክረምት የደብረ ታቦር ጦሩ ለአርበኞችና ለእንግሊዞች እጁን ሲሰጥ መኪናውና ቁርጥራጩ ቀረ። ከዚያ በኋላ በየከተማው የቀሩት የጣሊያን መካኒኮች ጋራዥ ውስጥ ቡሎን የሚያቀብል፣ ክሪክ የሚያነሳ፣ ኩሽኔታ በነዳጅ የሚያጥብ ልጅ ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ልጅ የማን ዘር እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ይህን ትልቅ ለውጥ እለዋለሁ። ገበሬው ለቀጥቃጭነት የማይሰጠውን ልጅ ለረዳትነት ሰጠ። ረዳቱ ሾፌር፣ ሾፌሩ ደግሞ መካኒክ ሆነ፤ ግራሶ የነካው እጅም ጉልበት ብቻ ሳይሆን ደመወዝ ያለው እጅ ተባለ። ብረት የመንካት ነውር በስብከት ካለቀው ይልቅ በጋራዥ ያለቀው ይበዛል።

መኪናው ደጋ ላይ ሥራ ያገኘው ግን ከጦርነቱ በኋላ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1950ና በ1951 መካከል የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ገደማ ከገደለ በኋላ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተመሠረተ፤ የርጭት ሠራተኛ፣ የጤና መኮንን፣ የግብርና ባለሙያ ጥርጊያ በሌለበት መሄድ ነበረበት። ላንድሮቨር ለዚህ የተፈጠረ ነበር፤ ሰውነቱ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፣ ክፍሎቹ በጥቂት ቁልፍ ይፈታሉ። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የ1964 የቻይና ጉብኝት በኋላ በተገኘው ብድር ከወረታ ወልድያ የተዘረጋው 300 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በደርግ ዘመን አለቀ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ ይለዋል። በ1977ቱ ድርቅ እህልና ሐኪም ወደ ጋይንት የሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነው፤ ላንድሮቨርን ላንድክሩዘር የተካውም በእነዚያ ዓመታት ነው። የጥገናው ልማድ መልኩን የያዘው ያኔ ይመስለኛል። የመሥሪያ ቤት መኪና ከሰኞ እስከ ዓርብ መስክ ላይ ነው፤ የሚቆመው ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ነው። ስለዚህ አራሹ ሞፈሩን ሰቅሎ ሰንበትን ሲያከብር ሾፌሩ መኪናው ሥር ይተኛል። ሥራው ሁልጊዜ ያው ነው፤ የነዳጅ ፊልትሮውን ውኃ ማፍሰስ፣ የአየር ፊልትሮውን ከውስጥ ወደ ውጭ ማራገፍ፣ ክሮቸራውን ግራሶ ማጠጣት፣ የባሌስትራ ቅጠሎችን አንድ በአንድ ለስንጥቅ መፈተሽ፣ ታምቡሩን ከፍቶ ጭቃውን ማውጣት። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚኖር ሕዝብ ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። የሰንበት ክብር በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ለቀዳሚት ሰንበት ጭምር የጸና ነው። ልማዱ መሐል መንገድ አበጀ፤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይነካካል፣ ከባዱ ሥራ ቅዳሜ ቀድሞ ይሠራል። ሰኞ ወላድ የሚያመጣ መኪና መሆኑን የሚያውቅ ቄስ አጥብቆ አይቆጣም።

በዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የምታወድሰው ጥገና መጠጋገን ነው፤ ከሞተ መኪና አካል ፈትቶ ለቆመው መስጠት፣ በሽቦና በብየዳ ማያያዝ፣ ውጤቱም አደጋና ጭስ ነው ይባላል። ተቃውሞው ሐሰት አይደለም፤ ፍሬንና መሪ ላይ ፈጠራ ሰው ይገድላል፣ በዓለም በር ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይቅርታ የለም። እኔ የምለየው ሁለቱን ነው። ተሰብሮ ከቆመ በኋላ በጭንቅ የሚደረግ መጠጋገን አንድ ነገር ነው፤ ከመሰበሩ በፊት በየሳምንቱ የሚደረግ ፍተሻ ሌላ ነገር ነው። የኋለኛው የፊተኛውን ያስቀራል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ፓምፑም ኖዝሉም ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ የተመቸ ነው፤ ጆሮ የሰለጠነ መካኒክ ድምፁን ሰምቶ ያውቀዋል። አሮጌው መኪና አደገኛ የሚሆነው ፍተሻው ሲቀር ነው፤ ፍተሻው ሲቀር አዲሱም ብዙ አይርቅም።

ሌላው ተቃውሞ ጊዜው አልፏል የሚል ነው። የቻይና መንገድ አስፋልት ለበሰ፤ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ነገር ግን አስፋልቱ አከርካሪ ብቻ ነው። ከ2003 በኋላ ቀበሌዎችን እያገናኙ የተቆረጡት የገጠር መንገዶች ጠጠር ናቸው፤ ክረምት ሲመጣ እነሱን የሚደፍረው ያው ከፍ ያለ መኪና ነው። አዲስ እንዳይገባ መከልከሉም የነበረውን ዕድሜ ያስረዝማል፤ ስለዚህ የሚመጡት ዓመታት ከጠጋኙ የሚጠይቁት ካለፉት የበለጠ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ቢመጣም ባሌስትራው፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ያንኑ ጭቃ ይጠብቃሉ፤ ባትሪውን የሚያውቅ እጅ ደግሞ እንደ ጋፋት ከውጭ መጥቶ ከውጭ ሰዎች ጋር የሚወጣ ከሆነ ታሪኩ ያው ይሆናል።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ሰይሟል፤ ስሙ ተገቢ ነው። የሚጎድለው የጋራዡ ዕውቀት መመዝገቡ ነው። የትኛው አቀበት የትኛውን ክፍል እንደሚበላ፣ ለጨጨሆ ቁልቁለት ስንተኛ ማርሽ እንደሚያዝ፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ እስከ የት እንደሚያደርስ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ የወባ ማጥፊያውንና የድርቁን ዘመን መኪኖች የነዱና የጠገኑ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። ደብተር ይዞ ጋራዣቸው ድረስ የሚሄድ ተማሪ ዘንድሮ ቢላክ አይረፍድም።