የላዳ የፊት እግር ለምን ይንኳኳል?

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ በተቀባች ላዳ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ኮረኮንች ላይ ከፊት ጎማ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ያልሰማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ተሳፋሪውም ለምዶታል። ይሁንና ድምፁ የራሱ ታሪክ አለው። ያንን ታሪክ የሚያውቅ ባለመኪና ኪስ ብቻ የሚነካውን ድምፅ ሕይወት ከሚያስከፍለው ለመለየት ይቀልለዋል። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች የፊት እግር ከፈረስ ጋሪ ብዙም የራቀ አልነበረም። በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙ ሲሆኑ፣ ከላይ ባሌስትራ በአግድም ተጭኖበት ነበር። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም አብሮ ያዘነብላል። ጄኔራል ሞተርስ በ1934 ሞዴሎቹ ላይ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ከፍና ዝቅ የሚልበትን አሠራር በብዛት ለገበያ አቀረበ። ምቾት መጣ፤ ነገር ግን አንድ ወጥ የነበረው ብረት በብዙ መገጣጠሚያ ስለተተካ የሚላላውና የሚንኳኳው ቦታም በዚያው ልክ በዛ። በ1952 ደግሞ ሊንከን፣ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበትን ወፍራም ፒን ትቶ ቦል ጆይንት ገጠመ። ይህም እንደ ሰው የዳሌ አጥንት፣ ኳስ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ የሚዞርበት ብልሃት ነው።

ላዳ የተወለደችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1966 ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተዋውላ በቶልያቲ ከተማ ግዙፍ ፋብሪካ አቋቋመች። ለመነሻ የተመረጠው ፊያት 124 በአውሮፓ የ1967 የዓመቱ መኪና ተብሎ የተሸለመ ነው። ሽልማቱ ግን የሩሲያን መንገድ አላሸነፈለትም። ለሙከራ የተላኩት መኪኖች አካላቸው ተሰነጠቀ፤ የኋላ ዲስክ ፍሬናቸውም ጭቃውን አልቻለም። መሐንዲሶቹ ፍሬኑን በታምቡር ቀየሩ፣ መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረጉ፣ የፊቱን እግር አጠነከሩ። በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ከፋብሪካው ወጡ። በአገሯ ዥጉሊ፣ በውጭ ገበያ ላዳ ተባለች። «የፊያት ግልባጭ ናት» የሚሏት ይህን ሁሉ ድካም ይረሱታል።

ላዳ በደርግ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ገባች፤ ከነሴይቼንቶ ቀጥላም ለአሥርተ ዓመታት ስንቱን ቤተሰብ በታክሲነት አሳደረች። ሩሲያ በ2012 የዚህን ዘር ምርት ስታቆም አዲስ አበባ ውስጥ ገና ትሠራ ነበር።

የፊት እግሯ በእያንዳንዱ ወገን የላይና የታች ክንድ አለው። ክንዶቹ ከመኪናው አካል ጋር በጎማ ቦኮላ፣ ከመንኮራኩሩ ጋር በቦል ጆይንት ይያያዛሉ። በጠቅላላው 8 ቦኮላና 4 ቦል ጆይንት መሆኑ ነው። የአሞርዛተር ጎማና የመሪው ቴስቲኒ ሲጨመር የሚንኳኳው ብዙ ነው። ደረቅ ጎማ ሲጢጥ ይላል፤ ያለቀ ቦኮላ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ያናድዳል እንጂ ወዲያው አይገድልም። ቦል ጆይንት ግን ሌላ ነው። የሚሸፍነው ጎማ ከተቀደደ ውሃና አቧራ ገብቶ ኳሱንና ቤቱን ይበላቸዋል። ኳሱ ከቤቱ ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፤ መሪም አይታዘዝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሪክ ሲያቆም ነው። ላዳ ላይ ሞላው የተቀመጠው በታችኛው ክንድ ላይ ስለሆነ፣ መኪናው ከአካሉ ሥር ከተነሣ ሞላው ክንዱን ወደ ታች ይገፋውና ልቅነቱን ይደብቀዋል። ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ወደ ጎማው ተጠግቶ መግባት አለበት። የዋሽንግተን ታክሲ ነጂዎች የሚያውቁት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያም በዚሁ መንገድ ነው የሚፈተሸው። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንቱ ይኬዳል።

የላዳ ፋብሪካ ለዚህም መለኪያ ትቷል። ከታችኛው ቦል ጆይንት ሥር ያለችው ትንሽ ብሎን ተፈትታ፣ ከቤቱ የታችኛው ፊት እስከ ኳሱ ፒን ጫፍ ያለው ጥልቀት ይለካል፤ ከ11.8 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይቀየራል። ቦኮላ የተቀየረ እንደሆነ ደግሞ የክንዱ ብሎን የመጨረሻው ጥብቂያ መኪናው በአራት ጎማው መሬት ከቆመ በኋላ ይሁን። አየር ላይ እንዳለ ከጠበቀ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀርና ሳይቆይ ይቀደዳል፤ ባለመኪናውም «ዕቃው አይረባም» እያለ ወደ ጋራዥ ይመለሳል።