የወደቀው ካርታና የራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስንሄድ ሐሙሲት ላይ አረፍ ብለን ሳለ፥ ካርታ የሚጫወቱ ጐልማሶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «ካርታው ከእጄ አመለጠ እንጂ አልጣልሁትም» ይላል፤ ሁለተኛው «መሬት የነካ ተጥሏል፤ ሕግ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከወረታ ሽቅብ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል፤ እርሷም በዘመነ መሳፍንት የራስ ዓሊ መቀመጫ ነበረች። በራስ ዓሊ ዘንድ ይመላለስ የነበረው የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን የአገራችንን ሰንጠረዥ አጨዋወት ጽፎ ትቶልናል። መጽሐፉ የታተመው እርሱ በ1860 ከተገደለ በኋላ፥ በ1868 ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።)

በሰንጠረዣችን መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። ስሙም ወረራ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፥ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በተራ ነው። ለባዕድ ሰው ሥርዓት የሌለው ይመስለዋል። ነገር ግን ልቅነቱ ለሁለቱም እኩል ነበረ፤ የሚያበቃበትም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ደግሞም ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም ነበር። በፈረስ መግደል ባይከለከልም ብዙ አያስመካም፤ በትንሹ እግረኛ የገደለ ግን ይመሰገናል። እንግዲህ ሕጉ የሚከብደው በብርቱው ላይ ነበረ ማለት ነው።

ሄንሪ ሶልት የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1805 ትግራይ ውስጥ፥ አንጣሎ ላይ፥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቷል። በዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ፥ ባሪያው ሳይቀር፥ ይጮኻል፥ ይመክራል፥ ጠጠሩንም ተነሥቶ ይነካል። ይህስ በግልጥ የሚደረግ ስለ ሆነ አያስከፋም። የሚያሳዝነው ሌላው ነው፤ በብልሃት እያመቻቹ ሁልጊዜ ራሱ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር። ለአንድ ሰው ብቻ፥ ያውም ለጌታው፥ በስውር የሚላላ ሕግ! ራስ ወልደ ሥላሴ በጦር ሜዳ ብርቱ ሰው ነበሩ፤ በሰንጠረዥ ግን ምን ያህል እንደሚችሉ ሳያውቁት በ1816 ሞቱ።

በሐሙሲቱ ክርክር መካከል አንድ ሽማግሌ «ትናንት የሌላው ካርታ ሲወድቅ ምን ብላችሁ ፈረዳችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሕግ ነው ሲል የነበረው ጥቂት ዝም ብሎ፥ ካርታውን ከመሬት አንሥቶ ለጓደኛው መለሰለት።