የቃዲሪያ ጠሪቃ ሰንሰለት፦ ከባግዳድ እስከ ወሎና እስከ ባራዌ

በናይሮቢ ከተማ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፣ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ልጅና ከሶማሊያ የወደብ ከተማ ከባራዌ የመጡ ቤተሰቦች ልጅ በአንድ ክፍል ሊገናኙ ይችላሉ። ቋንቋቸው የተለያየ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱም አያቶች የቃዲሪያ ጠሪቃ ተከታዮች ከነበሩ የመንፈስ ሐረጋቸው ባግዳድ ላይ ይገናኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐረጉ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወደ እኛ እንደ ደረሰ ለመምህራን ባጭሩ ማስረዳት ነው። ዘመናቱ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጠሪቃ በዐረብኛ መንገድ ማለት ነው። ሱፊዎች ወደ ፈጣሪ ለመቅረብ በሼህ መሪነት የሚከተሉት የዚክርና የሥነ ምግባር ሥርዓት ነው። ሙሪዱ ሥርዓቱን ከሼሁ ይቀበላል፤ ሼሁም ከራሱ መምህር የተቀበለ መሆን አለበት። ይህ ከመምህር ወደ ደረሳ የሚወርድ የስም ዝርዝር ሲልሲላ፣ ማለትም ሰንሰለት፣ ይባላል። የሚቆጠረውም የሥጋ ዘር ሳይሆን የትምህርት ዘር ነው።

ጠሪቃው ስሙን ያገኘው ከሼህ አብዱልቃድር ጀይላኒ ነው። እሳቸው በ1077 ወይም በ1078 ከካስፒያን ባሕር በስተ ደቡብ በጊላን ተወለዱ። በወጣትነታቸው ባግዳድ ገብተው የሐንበሊ መዝሀብን ሕግ ተማሩ። ከመምህራቸው ከአቡ ሰዕድ አል ሙኸረሚ የሱፊዎችን መጎናጸፊያ ተቀብለው፣ መድረሳቸውንም ተረክበው ሲያስተምሩ ኖሩና በ1166 ዐረፉ። ከእሳቸው ወደ ላይ ሰንሰለቱ በሺብሊ፣ በጁነይድ፣ በመዕሩፍ አል ከርኺና በሐሰን አል በስሪ በኩል እስከ ዓሊ፣ ከዚያም እስከ ነቢዩ ሙሐመድ ይዘልቃል።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህር ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት አለበት። አንደኛ፣ ቃዲሪያ ራሱን የቻለ ጠሪቃ ሆኖ የተደራጀው ከሼሁ ዕረፍት በኋላ በልጆቻቸውና በደረሶቻቸው አማካይነት ነው። ሁለተኛ፣ በ728 የሞቱት ሐሰን አል በስሪ በቀጥታ ከዓሊ መማራቸው ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ስለዚህ የሰንሰለቱ የላይኛው ክፍል የሚያሳየን ማኅበሩ ራሱን የማን ደረሳ አድርጎ እንደሚያይ ነው። ወደ ታች ስንወርድ ግን ዘመንና ቦታ እየጠራ ይመጣል።

ወደ ሐረር ጠሪቃውን ያስገቡት በዓደን የኖሩትና በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያረፉት ሸሪፍ አቡበክር አል ዐይደሩስ እንደሆኑ ይተረካል። በወሎ በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጀማ ንጉሥን ማእከል የመሠረቱት ሼህ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያ ሰው ነበሩ። በወሎ ትምህርቱ ዐረብኛ ለማያውቀው ገበሬ የደረሰው በአማርኛ መንዙማ ጭምር ነው።

ሁለተኛው መስመር የጠረፉ ነው። በ1847 በባራዌ የተወለዱት ሼህ ኡወይስ ባግዳድ ድረስ ሄደው ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ተቀበሉ። ተመልሰውም እስከ ዛንዚባር አስተማሩ፤ በሶማሊኛም ቅኔ ገጠሙ። ነገር ግን የጠሪቃዎች ታሪክ የሰላም ታሪክ ብቻ አይደለም። ወደ ሙታን ደጋግ ሰዎች መማለድ ይገባል አይገባም በሚለው ክርክር ሼህ ኡወይስ ከሳሊሂያ ጠሪቃ ጋር ተቃቃሩ፤ በ1909 የሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰን ተከታዮች ቢዮሌ ላይ ገደሏቸው። ሁለቱም ወገኖች ግን የየራሳቸውን ሲልሲላ እስከ ነቢዩ ይቆጥሩ ነበር።

የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚነግረን ስለ ዙፋንና ስለ ዘመቻ ነው። ሲልሲላ ደግሞ ያለ ሠራዊትና ያለ ግብር ሕዝብን ያስተማሩ ሰዎችን ስም ይጠብቃል። በመሆኑም መምህሩ ተማሪዎቹን ሽማግሌዎቻቸው የሚያስታውሱትን ሰንሰለት ጽፈው እንዲያመጡ ቢያዝ፣ ስሞቹንም ከቦታና ከዘመን ጋር በካርታ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ተማሪው የታሪክ ማስረጃን መመርመር ይለማመዳል። ሥራው ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ከአገር ርቆ የሚኖር ቤተሰብ በቃል የያዘውን ዝርዝር ከአንድ ትውልድ በላይ ላያቆየው ይችላል።