ሎስለስ

ቃሉ በስልክ የሙዚቃ አፕሊኬሽኖች ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። «ምንም ያልጎደለበት» ማለት ነው፤ ፋይሉ ቢታመቅም ሲከፈት ከተቀዳው ድምፅ አንዲት ቢት አይቀርበትም። ኤምፒስሪ ግን ጆሮ አይለየውም የተባለውን ድምፅ ይጥላል። አንዴ የተጣለው አይመለስም።

የቶሮንቶዋ ፓርክዴል ለዚህ ጥሩ ማሳያ አላት። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ (ዘ ዊኬንድ) እ.ኤ.አ. በ2011 በነፃ የለቀቀው የዘፈኖች ስብስብ «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» ስሙን ያገኘው በዚህ ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ከኖረበት ቤት ነው። ያኔ ብዙ አድማጭ ያወረደው በኤምፒስሪ ነበር። ያን ፋይል ዛሬ ወደ ፍላክ (ሎስለስ የፋይል ዓይነት) የቀየረ ሰው ስልኩ «ሎስለስ» ብሎ ሊያሳየው ይችላል፤ የጎደለው ግን እንደጎደለ ነው። ማየት የሚገባው የፋይሉን ስም ሳይሆን ከየት እንደመጣ ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ ትልቁ ኤምፒስሪ 320።

ብዙዎች የሚሸወዱት በብሉቱዝ ነው። ሎስለስ የተባለው ዘፈን በተለመደው የብሉቱዝ ማመቂያ በኤስቢሲ ሲተላለፍ እንደገና ይታመቃል፤ በሰከንድ ወደ 328 ኪሎቢት ይወርዳል። ኤልዳክ የተባለው ሌላ ማመቂያ እስከ 990 ይደርሳል፤ እሱም ቢሆን ይጥላል። ስለዚህ ባለሽቦ ኢርፎን ይሻላል፤ የኢርፎን ቀዳዳ በሌለው ስልክ በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ ዳክ (ዲጂታል ድምፅን ለኢርፎን የሚቀይር መሣሪያ) ይበቃል።

በቶሮንቶ ኪንግ ጎዳና ትራም ጫጫታ ውስጥ ልዩነቱን መስማት ይከብዳል። ማታ ቤት ውስጥ ግን የክራር ክር ሲመታና ንዝረቱ ቀስ ብሎ ሲከስም ጥሩ ኢርፎን ያደረገ ሰው ሊለየው ይችላል። አፕል ሙዚቃ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ሎስለስን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቀርባል፤ ማብራቱ ግን የተጠቃሚው ሥራ ነው።