የባዕድ ልሳንና የባዕድ ልማድ በትምህርት ቤቶቻችን

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባቆሙ ጊዜ፣ የአውሮፓ ልሳን የአውሮፓን ሃይማኖት አስከትሎ ይገባል የሚል ብርቱ ሥጋት በካህናቱ ዘንድ ስለ ነበረ፣ መምህራኑ በሃይማኖት ከምንተባበራቸው ከግብፅ ቅብጦች ወገን እንዲመጡ ተደረገ፤ አለቃቸውም ሐና ሳሊብ ነበሩ። ያ ሥጋት ዛሬ ሲመለከቱት ከልክ ያለፈ ቢመስልም፣ ልሳን የተናጋሪውን ሕዝብ አክብሮትና ቁጣ፣ ዝምታና ጨዋታ ሁሉ ይዞ እንደሚመጣ አባቶቻችን አስቀድመው መገንዘባቸውን ያስረዳል።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን ጎን ለጎን ያስተምር ነበር። ከ1933ቱ ድል በኋላ ግን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ስፍራ ወርሶ የዘመናዊው ትምህርት መስጫ ሆነ፤ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1938፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. ሲከፈቱ ሥልጣኑ እየጸና ሄደ። ተማሪው ሰዋስውን በቃሉ አጥንቶ፣ ምንባቡን ሳይደናቀፍ አንብቦ፣ ፈተናውን ያልፍ ነበር፤ ከባዕድ ሰው ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ እንዴት እንደሚግባባ ግን በሥርዐት የሚነግረው አልነበረም።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የታየው በ1954 ዓ.ም. ፍጻሜ ነው። በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አማርኛና የአገራችንን ጠባይ የተማሩ 280 ያህል የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ያን ጊዜ መጥተው፣ አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ፣ በጨዋ ልጅ ደንብ ዐይኑን ወደ ምድር ሰበር አድርጎ የሚመልስ ተማሪ፣ ዐይን ለዐይን መተያየትን የቅንነት ምልክት አድርጎ ላደገ መምህር የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስላል፤ እስትንፋሱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ እሺታውን ሲገልጽም፣ መምህሩ የደነገጠ መስሎት ምን እንደ ነካው ይጠይቀዋል። ምሳ ተጋብዞ ስለ ይሉኝታ አንድ ጊዜ እንቢ ያለው ተማሪም፣ ባለቤቱ ደግሞ ሳይለምነው ስለሚቀር፣ ተርቦ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ የሰዋስው ስሕተት አንድም የለም፤ የተሳተው ልማድ ነው።

በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ ይህን ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ያደረጉት ሊቃውንት ነበሩ። የአሜሪካን ዲፕሎማቶች ያሠለጥን የነበረው ኤድዋርድ ሆል፣ ሕዝቦች ስለ ጊዜ፣ ስለ ርቀትና ስለ ዝምታ ያላቸው ያልተነገረ ሕግ የተለያየ መሆኑን በ1959 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። እንግሊዛዊው ማይክል ባይራምም በ1997 በዚያው አቆጣጠር ባወጣው መጽሐፍ፣ የልሳን ተማሪ የባለ አገሩን ሰው መስሎ እንዲገኝ ከመድከም ይልቅ፣ በሁለት ሕዝቦች መካከል ቆሞ አንዱን ለሌላው የሚያስረዳ አስታራቂ እንዲሆን ሊሠለጥን እንደሚገባ አስተማረ።

ይህ ትምህርት ለእኛ እጅግ የሚስማማ ነው፤ ባዕድ ልማድን ማወቅ የራስን ልማድ መካድ እንዳልሆነ ያረጋግጥልናልና።

እንግዲህ የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ጭውውት ባነበባችሁ ቁጥር፣ ያ ጭውውት በእናታችሁ ቤት ቢሆን ኖሮ ምን ይባል ነበር፣ ባለ አገሩስ ለምን እንዲህ አለ፣ ብላችሁ ተማሪዎቻችሁን ጠይቁ፤ ሁለቱንም ወገን እየሆኑ እንዲነጋገሩ አድርጉ፤ ሳይመረምሩ እንዳይፈርዱም ገሥጹአቸው። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ከሰዋስው ጊዜ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብትቆጥቡለት ይበቃል።