ያልፈረመችው ወራሽ፦ በመንዝ ከተሞች የጋራ ቤት ግዢ

በዘመሮም ሆነ በመሐል ሜዳ ቤት የሚገዛ ሰው፣ ካርታው ገና በሟች አባት ስም ከሆነ፣ ሻጭ ነኝ ባዩን ብቻ አምኖ ቀብድ መክፈል የለበትም። አባት ሞተው እናትና አራት ልጆች ቀርተዋል እንበል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ከሆነ ካርታው የአባትን ስም ብቻ ቢይዝም ግማሹ ቀድሞውንም የእናት ነው፤ ውርስ የሚሆነው ቀሪው ግማሽ ነው። ኑዛዜ ከሌለ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሰዋል። እናትና ሦስቱ ልጆች ቢፈርሙ ገዢው ከስምንት ሰባቱን እጅ ያዘ። ግን ምን ገዛ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1260 ባለድርሻው ድርሻውን ብቻውን እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ሙሉውን ንብረት ለመሸጥ ግን ቁጥር 1266 የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። የድምፅ ብልጫ እዚህ አይሠራም። አራተኛዋ ልጅ፣ ዓረብ አገር ያለችው እህት፣ ካልፈረመች ገዢው የእሷ ሸሪክ እንጂ የቤቱ ባለቤት አይሆንም። እሱም ቢሆን አያስተማምንም፤ ድርሻ ለባዕድ ሲሸጥ ቁጥር 1261 ለቀሩት ባለድርሻዎች ቅድሚያ ይሰጣል። ለወንድሟ የላከችው ጠቅላላ ውክልናም አይበቃም፤ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውልስ? የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በቁጥር 1723 መሠረት በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ሻጩ ያልካደውን ውል በተመለከተ ላላ። በእኔ እይታ ገዢ በዚህ ልስላሴ መጽናናት የለበትም። እንዲህ ያለ ውል የሚያስረው የፈረመውን ሻጭ ነው፤ ያልፈረመችው እህት የምታምነውም የምትክደውም ውል የላትም።

የመንዝ ሰው ርቆ ያለ ወራሽ ድርሻው እንደማይቀርበት ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። የጓሳን የጋራ ግጦሽ ቀሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ያስተዳድሩ የነበሩት የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ናቸው፤ ርስትም በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር ርቆ የኖረ ተወላጅ ተመልሶ ድርሻዬን ይል ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ቢያስቀርም በቤት ላይ ያለ የወራሽ ድርሻ ግን አለ።

መንገዱ ረጅም ነው፦ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ካርታውን በሁሉም ስም ማዛወር፣ ከዚያ ሽያጭ። እህት እምቢ ካለች ወራሾቹ ክፍፍል ይጠይቃሉ፤ ሊከፈል የማይችል ቤት በሐራጅ ይሸጣል፣ ገዢውም እዚያ ቀርቦ እንደማንም ይጫረታል።