ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» አንበል፦ የማይለቅ ሕመምን በግልጽ ስለመናገር

ካኩማ ካምፕ አስተማሪ ነኝ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ስለምሞካክር ግን ጎረቤቶቼ ክሊኒክ ሲሄዱ «ና እስቲ አስተርጉምልን» ይሉኛል። አንድ ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ በወገብ ሕመም ሲያቃስቱ ካደሩ እናት ጋር ሄድኩ። ክሊኒካል ኦፊሰሩ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ፓራሲታሞል ተሰጥቷቸው ወጣን። መንገድ ላይ ዕንባቸው መጣ።

«ደህና ነኝ» ለሰላምታ ጥሩ መልስ ነው፤ ለሐኪም ግን አይሆንም። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ በራጅም ሆነ በደም ምርመራ አይታይም። ሐኪሙ ስለ ሕመማችሁ በዋናነት የሚያውቀው ከእናንተ አፍ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ?

ሕመሙን በስሙ መጥራት

አማርኛችን ለሕመም ብዙ ቃል አለው፦ ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ይጠዘጥዘኛል። እያንዳንዱ ለሐኪሙ ፍንጭ ነው። የሚያቃጥል፣ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ሕመም ከነርቭ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ይለያል። በስዋሂሊ ሲተረጎም ግን ሁሉም «ኢናኡማ»፣ ማለትም «ያማል» ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ኢናቾማ» ቢባል እንኳ መውጋትም ማቃጠልም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየት ተነስቶ እስከ የት እንደሚወርድ በጣታችሁ አሳዩ።

«ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ትባሉ ይሆናል። 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። አታጋንኑ፣ አታሳንሱም። «አሁን 5 ነው፣ ሌሊት 8 ይደርሳል» በሉ። ከቁጥሩ ጋር ሕመሙ የከለከላችሁን ንገሩ፦ «20 ሊትር ጄሪካን መሸከም አቃተኝ»፣ «ሌሊት ሦስት ጊዜ ይቀሰቅሰኛል»። ይህ «በጣም ያመኛል» ከማለት ይበልጣል።

የወሰዳችሁትን ሁሉ መናገር

ከጎረቤት የተዋሳችሁት ክኒን፣ የባህል መድኃኒት፣ መጠጥ፣ ጫት፣ ሁሉም ይነገር።

• ፓራሲታሞል፦ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን አይለፍ። ጉበቱ የታመመ ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚህም ያነሰ ሊታዘዝለት ይችላል።
• አይቡፕሮፌን እና ዳይክሎፌናክ፦ ሁለቱን አብራችሁ አትውሰዱ። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ የደም ግፊት ወይም እርግዝና ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ።
• ትራማዶል፦ ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ላለበትም አደገኛ ነው። ሰውነት ይለምደዋል። ለረጅም ጊዜ ወስዳችሁት ከሆነ «ሱሰኛ ይሉኛል» ብላችሁ አትደብቁ፤ በድንገትም አታቋርጡ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስላችኋል።
• አሚትሪፕቲሊን፦ የድብርት መድኃኒት ቢሆንም በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል። «አበድሽ ሊለኝ ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

ስለ አስተርጓሚ

ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ሕመሙ ከድብደባ ወይም ከጥቃት የመጣ ከሆነ ጎረቤት ፊት መናገር ይከብዳል፤ «ሌላ ሰው ይተርጉምልኝ» ወይም «ሴት ትሁንልኝ» ማለት ነውር አይደለም። አጭር አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ።

ሳትወጡ ጠይቁ

ምክንያቱ ምን ይመስላል? ስንት ቀን ልውሰድ? ካልተሻለኝ መቼ ልመለስ? አንዳንድ ሕመም ጨርሶ አይጠፋም። ያኔ ግቡ መተኛት፣ መራመድና ሥራ መሥራት መቻል ነው። ይህን ሐኪሙም በግልጽ ይንገራችሁ።

ቀጠሮ የማይጠብቅ

የወገብ ሕመም ሆኖ እግር ከዛለ፣ ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፤ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፤ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፤ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፤ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ ካለ በዚያው ሰዓት ሂዱ።

እኚያ እናት በሌላ ቀን ተመልሰን ስንሄድ «ከወገቤ እስከ ተረከዜ ይነዝረኛል፣ ተኝቼ አላውቅም» አሉ። ያን ጊዜ ኦፊሰሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እግራቸውን መመርመር ጀመረ።